መቅመስ መብላት አይደለም

ሰኞ፣ ሰኔ 4

የአጥንት ሐኪሙ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ክፉ ወሬ ሲናገር እንኳ ልጅ የሚያስተኛ ይመስላል። የቀኝ ጉልበቴን ራጅ መብራት ላይ ሰቅሎ፣ በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ ቦታ ነካ አደረገና «እዚህ ጋ ትራስ ነበር» አለኝ። ትራሱ አልቋል። አሁን አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋጫል። ቀዶ ሕክምናው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያ ካመለጠኝ ወረፋው የሚደርሰኝ ከዓመት በኋላ ነው። ስድስት ኪሎ ካልቀነስሽ ግን አልነካሽም አለኝ። አልነካዎትም ነው ያለው፤ ጨዋ ነው።

«ስድስት ብቻ?» አልኩት፣ ገበያ ላይ ድንች እንደሚገዛ ሰው።

ከዚያ ወደ አመጋገብ ባለሙያዋ ላከኝ። ልጅ ናት። ጥፍሮቿ ረጃጅም ናቸው፤ በእነዚያ ጥፍሮች ሽንኩርት ልጣ እንደማታውቅ ወዲያው ገባኝ። ሰዓት ለይቼ እንድበላ ነገረችኝ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት መብላት፤ የቀረውን ጊዜ ውሃና ስኳር የሌለው ሻይ ብቻ። በሚበላበት ሰዓት ደግሞ አንድ ሺህ አምስት መቶ ካሎሪ። ከዚያ አይበልጥም፣ ከዚያም አያንስም። «አያንስም» ብላ ደገመችው። እኔን የምታክል ሴት ፊቷ አስቀምጣ ማነሱን መፍራቷ ገረመኝ።

የሚሰማኝንም በየጊዜው እንድጽፍ መከረችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። የሚሰማኝ ረሃብ ነው።

አንድ ዓመት በዚህ ጉልበት መቆም አልችልም። የብርድ ልብስ ፋብሪካውን ወጥ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ይዣለሁ። ሦስት መቶ ሰው ምሳ ይበላል። ምድጃ ፊት ተቀምጦ ለሦስት መቶ ሰው የሚያበስል ፍጡር አላየሁም። አስተዳዳሪው ባለፈው ወር «እትዬ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ጥሩ ወንበር አለ» ብሎኛል። በደግነት ነው ያለው። የሚያስፈራኝም ደግነቱ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 5

የመጀመሪያው ቀን። ጧት ስኳር የሌለው ሻይ። ባለቤቴ ዳቦውን ከማቀዝቀዣው ጀርባ ተደብቆ በላ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ሲያኝክ ይህን ያህል ድምፅ እንዳለው አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ አላስተዋልኩም ነበር።

ሥራ። የምስር ሾርባ፣ ሩዝ፣ ካሮት በቅቤ። ሾርባውን ሦስቴ ቀመስኩ፤ አንዴ ለጨው፣ አንዴ ጨው ከገባ በኋላ፣ አንዴ ለማረጋገጥ። ሩዙን ከላይ፣ ከመሃልና ከሥር። ካሮቱን ቅቤው በቅቶት እንደሆነ፣ ከዚያም በዝቶበት እንደሆነ። ስድስት ሰዓት ሲሞላ አንዲት ቁራሽ አፌ አልገባችም ነበር። ራሴን አደነቅኩ። ይህን ያህል ጠንካራ ሴት መሆኔን አላውቅም ነበር።

ሐሙስ፣ ሰኔ 7

ጥድፊያ። ጋዝ አለቀ። ድንቹ ዘገየ።

ዳኛው መስኮቱ ላይ ፈረደ። ዳኛው የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነው፤ እውነተኛ ስሙን ሁሉም ረስቶታል። ምሳ የሚታደልበት መስኮት ጋ ሳህኑን ይዞ ይቆምና አንድ ማንኪያ ቀምሶ፣ ለተሰለፈው ሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ውሳኔ ይሰጣል። የዛሬው፦ «ድንቹ ነፃ ነው። ያበሰለው ይቅረብ።»

ሲባጎ በርጩማ አመጣችልኝ። ሲባጎ ረዳቴ ናት፤ ከቅጥነቷ የተነሳ ስሟ እሱ ሆኖ ቀርቷል።

«እትዬ፣ አረፍ ይበሉ። ሽንኩርቱን እንኳ ተቀምጠው ይክተፉ።»

በርጩማ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። መጀመሪያ በርጩማ፣ ከዚያ ወንበር፣ ከዚያ ግምጃ ቤት። አመስግኜ ባልዲ አስቀመጥኩበት።

እሑድ፣ ሰኔ 10

ካሎሪ መቁጠር ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ባለቤቴ እራቴን የመመዘን ኃላፊነት ሳልሰጠው ወሰደ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሚቆጣጠረው ነገር አጥቶ ነበር። ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ገዛ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የዶሮዋን ሥጋ ሲመዝን፣ ትርፍ ሰው የጫነ ሹፌር የያዘ ፖሊስ ይመስላል።

«ይቺ ድንች ትወርዳለች» ይላል።

«ሒሳቧን ከፍላለች፤ ተዋት።»

«ሞልቷል! ትወርዳለች።»

ትወርዳለች። እሱ ይበላታል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 16

ሚዛን ላይ ወጣሁ። ምንም። ወረድኩና ከሌላ በኩል ወጣሁ። ባለቤቴ ሚዛኑን ወደ መስኮቱ አስጠጋው፤ ብርሃን ያቀለዋል ብሎ ይመስለኛል። ምንም።

ከነገ ጀምሮ አንድ ሺህ ሁለት መቶ። ለባለሙያዋ አልነግራትም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 20

የስጎ ቀን። የዛሬው ቲማቲም ይኮመጥጣል። ስኳር ቆንጠር፣ መቅመስ። ጨው፣ መቅመስ። ዘይት፣ መቅመስ። እንደገና ስኳር።

ሲባጎ ማንኪያዬን ስታጥብ «እትዬ፣ ይሄ ማንኪያ እኮ ጭልፋ ለመሆን ምንም አልቀረውም» አለች። ከእኔ በፊት የነበረችው ዋና አብሳይ ትታልኝ የሄደችው ማንኪያ ነው። ከእሷ የወረስኩት ማንኪያውንና የጉልበት ሕመሙን ነው። እሷም እንደኔ ወፍራም ነበረች። ለምን እንደሆነ አስቤበት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ራሴን አዞረኝ። የድንቹ ጆንያ ላይ ደገፍ አልኩ። ሲባጎ አየችኝ። ማየቷን አልወደድኩትም።

በኋላ ልብስ መቀየሪያው ክፍል በር ጋ ስደርስ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «እትዬ ከሄዱማ እኔም…» አለች፤ ኮቴዬን ሰምታ ነው መሰለኝ ስልኩን ዘጋች። እኔም ምን? እኔም እሾማለሁ። ሌላ ምን ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 26

ዘጠኝ መቶ። እራት አንድ እንቁላል፣ ጎመን፣ ግማሽ ፖም። ባለቤቴ ሚዛኑን አጥፍቶ አየኝ። «በዚህ ነዳጅ አውቶቡስ ከጣቢያው በር አይወጣም» አለ። ተወኝ አልኩት።

ዛሬ የጽዳት ሠራተኛዋ ጠየቀችኝ።

«ይሄ የየትኛው ጾም ነው?»

«የጉልበቴ።»

«መቼ ይፈታል?»

«ሐኪሙ ሲያዝን።»

ራሷን ነቀነቀችና ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥታ አጠገቤ ቁጭ ብላ በላች። ሰው ለምን እንደሚጨክን አላውቅም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 27

ሁለት መቶ ግራም ቀንሻለሁ። ባለሙያዋ «የፀጉር ማስያዣዎን አውልቀው ይሆናል» አላለችም፤ ግን አሰበች።

«ከስድስት ሰዓት በፊት ምን ይወስዳሉ?»

«ውሃ። ሻይ።»

«ሌላ?»

«ሌላ ምን አለ?»

«ከረሜላ? ማስቲካ?»

«ልጄ፣ እኔ የአምሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ።»

የዘጠኝ መቶው ነገር አመለጠኝ። ጥፍሮቿን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። በጣም ሲያንስ ሰውነት እንደሚደክም፣ ጡንቻም አብሮ እንደሚሄድ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለመቆም ደግሞ ያ ጡንቻ እንደሚያስፈልገኝ ነገረችኝ። ማዞሩ ከዚያ ነው። ወደ አንድ ሺህ አምስት መቶው ዛሬውኑ እንድመለስ። «ሚዛኑ አይዋሽም፤ እርስዎም አይዋሹም። እንግዲህ መሃላችን የሆነ ነገር ገብቷል» አለችኝ።

ምን እንደገባ መንገዱን ሙሉ አሰብኩ። ምናልባት የዘር ነው። እናቴም ውሃ ጠጥታ የምትወፍር ሴት ነበረች። እሷም ምግብ አብሳይ ነበረች።

እሑድ፣ ሐምሌ 1

ተጣላን። በሰላም ጎመኑን እየመዘነ ነበር የጀመረው።

«አንቺ ግን ወጥ ቤት ትቀምሻለሽ አይደል?»

«ሥራዬ ነው።»

«መሆኑን መቼ ካድኩ። በቀን ስንቴ?»

«መቅመስ መብላት አይደለም!»

«እሺ።» ጎመኑን አወረደ። «ቆሞ ሞተሩን ያላጠፋ አውቶቡስም ጉዞ አልሄደም። ነዳጁ ግን አልቋል።»

ይህ ሰው ስለ አውቶቡስ ሲያወራ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። አንድ ቀን ትክክል ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ትክክል ነው አላልኩም። አላልኩትም። ሳህኖቹን አጠብኩ፤ ከዚያ የታጠቡትን እንደገና አጠብኩ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 3

ለእልህ ነው ያደረግኩት። ምድጃው አጠገብ አንድ ባዶ ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጥኩ። አንድ ማንኪያ በቀመስኩ ቁጥር አንድ ማንኪያ ሳህኑ ውስጥ አደርጋለሁ። ማታ ሳህኑን ባለቤቴ ፊት አቁሜ «ይኸው፣ ይቺ ናት ያወፈረችኝ?» ልለው ነበር።

ሥራ በጀመርን ትንሽ ቆይቶ የሳህኑ ሥር ጠፋ። ሥጋው ሲጠበስ ግማሽ ደረሰ። ልቀንስ ሞከርኩ፤ እጄ እሺ አላለም። እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ነው የሚሄደው። ከሲባጎ ጋር ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወራን ሁለቴ ቀምሻለሁ፤ «እትዬ፣ ሳህኑን ረሱት» ያለችኝ እሷ ናት። ምሳው ሳይወጣ ሳህኑ ሞላ። ሌላ ሳህን አመጣሁ። ሾርባ፣ ሩዝ፣ ስጎ፣ ሥጋ፣ አንዱ ባንዱ ላይ።

ሲባጎ አጎንብሳ አየችው። «ይሄ የማን ምሳ ነው?»

«የኔ።»

«ሊበሉት ነው?»

«በልቼዋለሁ።»

ለባለሙያዋ ደወልኩ። ሁለቱን ሳህን በቃል ገለጽኩላት። ሰባት መቶ ካሎሪ አይቀርለትም አለች፤ ያውም ከጧት ጀምሮ፣ መጾሚያው ሰዓት ላይ። ለካ አንድም ቀን ጾሜ አላውቅም። ለካ ማታ ማታ ራሴን ያስራብኩት በከንቱ ነው። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። እየሳቀች እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ ጨዋ ልጅ ስለሆነች አፏን ከስልኩ አራቀች።

ባለቤቴ «ሳህኑስ?» አለኝ ማታ። እንዴት እንደሰማ አላውቅም። «የምን ሳህን?» አልኩት።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 4

ከዛሬ ጀምሮ አልቀምስም። ሃያ ሁለት ዓመት አብስያለሁ። እጄ ያውቃል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 5

እጄ አያውቅም።

ዳኛው፦ «ሾርባው ከባሕር ነው የተቀዳው? ዓሣውን የት አደረሳችሁት?»

ዓርብ፣ ሐምሌ 6

ጨው ቀነስኩ። ዳኛው፦ «ዛሬ ደግሞ ለበሽተኛ ነው። ማን ታሟል?»

ማንም አልሳቀም። የራበው ሰው አይስቅም። ይህን አሁን ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 11

ቴሌቪዥን ላይ ወይን የሚቀምሱ ሰዎች አየሁ። አፋቸው ውስጥ አንከባለው ይተፉታል። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ከረባት አስረዋል። ማንም አይስቅባቸውም። ባለቤቴን ቀስቅሼ ላሳየው ፈለግኩ፤ ሶፋው ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 12

ከበሩ ኋላ ኩባያ አስቀመጥኩ። መቅመስ፣ መትፋት። ይሠራል! ጨው ልክ። ሩዝ ልክ። ዳኛው እንኳ «ሴትዮዋ ተመለሰች» አለ። ከረባት ብቻ ነው የቀረኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 13

ዳኛው በጓሮው መስኮት አይቶኛል።

ምን እንዳለ ሲባጎ ልትነግረኝ አልፈለገችም። ከሰልፉ ራሴ ሰማሁት፦ «ያበሰለችው ራሷ እየተፋችው እኛ ልንውጠው?» ግማሹ ሰው ሳህኑን መልሶ ዳቦ ገዛና ግቢው ውስጥ ቆሞ በላ። ዝናብ ነበር። ሰዎች ዝናብ ውስጥ ቆመው ደረቅ ዳቦ ሲያኝኩ በመስኮት አየኋቸው። የኔን ሾርባ ላለመብላት። ሙሉ ድስት ተርፎኝ አያውቅም ነበር። ድስቱን ለብቻዬ ላነሳው ሞከርኩ፤ ጉልበቴ ከዳኝ። ሲባጎ በሌላው እጀታ ያዘችው። አብረን ወደ ጓሮ አወጣነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 16

አስተዳዳሪው ጠራኝ። ወረቀቶቹን እያስተካከለ ነበር የሚያወራው፤ የተስተካከሉትን።

«እትዬ፣ ወሬ ነው። እኔ አላመንኩም። ግን ይተፋሉ ይባላል። ነፍሰ ጡር ናቸው የሚሉም አሉ።»

«በአምሳ አራት ዓመቴ?»

«እኔም እንደሱ ብያለሁ።»

እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጠኝ። ምግቡ ካልተስተካከለ ግምጃ ቤት እገባለሁ። «ወንበሩ ይሽከረከራል» አለኝ፣ ሊያጽናናኝ።

እንግዲህ እንዲህ ነው። ከቀመስኩ ስድስት ኪሎው አይሄድም፤ ጉልበቴ ሳይሠራ ይቀራል፤ መቆም አልችልም፤ ወጥ ቤቱን አጣለሁ። ካልቀመስኩ ምግቡ ይበላሻል፤ ወጥ ቤቱን አጣለሁ። በየት በኩል ብዞር የሚሽከረከረው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው። ሁሉንም ለባለቤቴ ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አውቶቡስ አላነሳም። «ያቺ ረዳትሽ ምላስ የላትም እንዴ?» አለኝ።

«አላት።»

«ታዲያ?»

ታዲያ ምን። ዛሬ ምላሷን ብትሰጠኝ ነገ ምድጃውን ትወስደዋለች። ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም። ስጽፈው ግን ትንሽ ሰው ያስመስለኛል። ላጠፋው ነበር፤ ይቆይ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 17

«ቅመሺ» ብዬ ማንኪያውን ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችው። ቀመሰች። «ቆንጆ ነው፣ እትዬ።»

ሾርባው ወጣ። ጨው የሚባል አልነካውም ነበር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 18

ሩዙ፦ «ቆንጆ ነው፣ እትዬ።» ጥሬ ነበር። ስጎው፦ «በጣም ቆንጆ ነው።» አርሯል። ሽታው የፋብሪካው በር ላይ ደርሷል።

«አንቺ ልጅ፣ ልታጠፊኝ ነው?»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «እርስዎ ያበሰሉትን እኔ ምን ብዬ ይሄ ጎደለው እላለሁ? አፌ አይልልኝም፣ እትዬ።»

ስድስት ዓመት አብራኝ ሠርታለች። ሁልጊዜ «ይቅመሱልኝ» ትለኛለች፤ አንድ ቀን «ቀምሼዋለሁ» ብላኝ አታውቅም። ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ጨዋነትም ነው። ያስተማርኳትም እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የመጣች ሰሞን ማንኪያዬን አንስታ ስትቀምስ ያየኋትን አስተያየት አስታውሳለሁ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 19

ባልዲውን ከበርጩማው ላይ አነሳሁና ተቀመጥኩበት።

«ዛሬ አንቺ ሲባጎ አይደለሽም» አልኳት። «ዳኛው ነሽ። ሳህን ይዘሻል፤ ርቦሻል፤ ሰልፉ ሁሉ እየሰማሽ ነው።»

«እትዬ፣ እባክዎ።»

«ቅመሺ!»

ቀመሰች። በሩን አየች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ ከዚያች ክር ከምታክል ልጅ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ወጣ፦ «ይሄ ሾርባ ነው ወይስ ሳህን የታጠበበት ውሃ? ምስሩ ራሱ አፍሮ ከሥር ተደብቋል!»

አፏን በመዳፏ ያዘች። እኔ ጨው ጨመርኩ።

«አሁንስ?»

«አሁን ወደ ሰው እየቀረበ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ግን የዓመት ፈቃድ ወጥቷል እንዴ?»

ነጭ ሽንኩርት ጨመርኩ። ሩዙን «ድንጋይ ጫኝ ልከው ነው ያመጡት?» አለችው። ውሃ ጨመርኩ። እየሳቅኩ ስለነበር ትንሽ ፈሰሰ። ሃያ ሁለት ዓመት ምድጃው ጋ ስቄ አላውቅም፤ ሳቅ ቦታው እዚያ አይመስለኝም ነበር።

ሰልፉ ላይ የተገኙት ጥቂት ነበሩ። ዳኛው ግን አለ፤ ያለሱ ማን ይፈርዳል። ቀመሰ። ዝም አለ። ሌላ ማንኪያ። «የሚባል ነገር የለም» አለና ሳህኑን ይዞ ሄደ። ከሰውየው አፍ እንዲህ ያለ ፍርድ ወጥቶ አያውቅም።

የነጭ ሽንኩርቱን ነገር ከየት አወቅሽው አልኳት።

«ሁልጊዜም ትንሽ ያንሰዋል፣ እትዬ። ዞር ሲሉ እጨምርበት ነበር። ጨውን ግን አልደፍርም።»

ሁልጊዜም! ተቆጣሁ መሰለኝ። ከዚያ በርጩማው ላይ ቆየት አልኩ። ምቹ ነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 23

አዲስ ሥርዓት። ባለሙያዋ ሰዓቱን ወደ ሥራዬ አዞረችልኝ፤ ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ። ከሦስት ሰዓት በፊት ያለው ቅምሻ በሙሉ የሲባጎ ነው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ይፈቀድልኛል፣ በሻይ ማንኪያ፤ ያም ከአንድ ሺህ አምስት መቶው ላይ ይቀነሳል። ቁርስና ምሳ በሥርዓት። ትልቁን ማንኪያ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ሥራ ስሠራ ያየኛል።

እራት በአሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። ባለቤቴ «በዚህ ሰዓት እራት የሚበላው ጡት የጣለ ሕፃን ነው» ብሎ አጉረመረመ። አጉረምርሞ ሳህኑን አጠገቤ አቀረበ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ማቀዝቀዣው ሲከፈት ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያው ሲዘጋ። ለኔ ብሎ ነው። ወይም ባዶ ነበር።

ሰኞ፣ ሐምሌ 30

አስተዳዳሪው መጥቶ በላ። ደገመ። ስለ ወንበሩ አላነሳም። ሲወጣ ግን «ለነገሩ እርስዎን ግምጃ ቤት ባስገባ ረዳትዎም ልትለቅ ነበር» አለኝ። «እትዬ ከሄዱ እኔም እሄዳለሁ ብላ ሰኔ ላይ ነው ቢሮዬ ድረስ የመጣችው።»

እኔም እሄዳለሁ።

ካሮት እየላጥኩ ነበር። አንዱን ካሮት እስኪያልቅ ላጥኩት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 3

ሁለት ኪሎ ተኩል ሄዷል! ማዞሩም ሄዷል።

የሲባጎ ቀሚስ ጠበባት። የወገቧ ቁልፍ ተፈናጥሮ ሩዝ ውስጥ ሊገባ ለጥቂት ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ «ሲባጎ ገመድ ሆነች» ብላ በፋብሪካው አዳረሰችው።

«እትዬ ይሙቱ፣ ምንም አልበላሁም!» አለችኝ። «መቅመስ ብቻ ነው!»

ባዶ ጎድጓዳ ሳህን አመጣሁላት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 8

ዳኛው ከሰልፉ ቀድሞ መጣ። ሲባጎ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ እስከ ግማሽ የሞላውን የቅምሻ ሳህኗን አጠገቧ አስቀምጣ፣ በእሱ ድምፅ የካሮቱን ውሳኔ ታሰማ ነበር። ልነግራት አፌን ስከፍት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ድምፄ እንደዛ ነው?»

ሲባጎ ጭልፋውን ጣለች።

«ያንተ ትንሽ ይወፍራል» አልኩት።

አሰበበት። «ስለ ካሮቱ ግን ልክ ናት» ብሎ ሄዶ ተሰለፈ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 19

አምስት ኪሎ ሊሞላ ነው። ጊዜው ግን አልቋል ማለት ይቻላል። ወደ ዘጠኝ መቶ ልመለስ ወይ አልኩ። ጥቂት ቀን ብቻ፣ ማንም ሳያውቅ። እራት ላይ ግማሹን ድንች ወደ ሳህኑ ጠርዝ ገፋ አደረግኩት። ባለቤቴ አላየም ብዬ ነበር። ሚዛኑን አበራ፣ ድንቹን መዘነ፣ ሌላ ድንች አነሳ።

«ባዶ ወንበር አለ» አለኝ። «ተሳፋሪ ይጨመር።»

ሁለቱንም በላሁ። ፈርቼ ነበር፤ ፈርቼም በላሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 25

አምስት ኪሎ ከሁለት መቶ። ነርሷ ጮክ ብላ አነበበችው። ሐኪሙ በዚያ ልጅ በሚያስተኛ ድምፁ «በጣም ቆንጆ ነው» አለ። ከሲባጎ ወዲህ ይህን ቃል አላምነውም። «ግን» አለ።

በሩ ተበረገደ። ባለቤቴ ነው፤ ኮሪደር ላይ ተቀመጥ ተብሎ ነበር።

«ጫማዋን! ጫማዋን አላወለቀችም!»

ሁላችንም ወደ እግሬ አየን። የወጥ ቤቱ ጫማዬ ነው፤ ውሃ እንዳያስገባ ሶሉ እንደ ጡብ የወፈረ። በቀጥታ ከሥራ ነበር የመጣሁት። ሰኔ ላይ እዚህ ስመዘን በነጠላ ጫማ ነበርኩ። አውልቄ እንደገና ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ቁጥሩ ወረደ። ስድስት፣ ከእፍኝ የማይሞላ ትርፍ ጋር። ሐኪሙ ጫማውን ራሱ አንስቶ በእጁ መዘነና ፈገግ አለ።

«ሰኞ» አለኝ።

ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ለማያውቃቸው ሰዎች «ትርፍ ጭነት ነበር» እያለ ሲያስረዳ ሰማሁት።

እሑድ፣ ነሐሴ 27

የሆስፒታል አልጋ። ነርሷ በጣም እያዘነች መጣች።

«እናቴ፣ ከአሁን ጀምሮ እስከ ነገ ምንም አይበላም። ምንም አይቀመስም። ይችላሉ?»

በጣም ሳቅኩ። ነርሷ ደንግጣ የደም ግፊቴን ለካች።

እፈራለሁ። ሳቁ ሲያልቅ ያ ብቻ ቀረ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 30

ያመኛል። ሌላ ዓይነት ሕመም ነው፤ አይፋጭም። ዛሬ በሁለት ክራንች እስከ በሩ ደረስኩ። ባለቤቴ ከፊቴ ወደ ኋላ እየሄደ «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!» እያለ አስገባኝ።

ከሰዓት በኋላ ሲባጎ መጣች። ሰፋ ያለ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ሾርባ በፔርሙስ ይዛለች። የሆስፒታሉ ሾርባ ምን እንደሚመስል አልጽፍም፤ ዳኛው ቢኖር ሕንፃውን ያዘጋው ነበር። ቀድታ ሰጠችኝ። «ይቅመሱልኝ» አላለችም። እጆቿን ይዛ ቆመች።

«ቀምሰሽዋል?»

«ቀምሼዋለሁ።»

«ነጭ ሽንኩርቱ?»

«በቅቶታል፣ እትዬ።»

ማንኪያውን አነሳሁ። እጄ እንደ ልማዱ ከንፈሬ አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ ጨው ሊፈልግ፣ የጎደለውን ሊፈልግ። እንዲያልፍ ነገርኩት።

አልቀመስኩትም። በላሁት።